ጄቱ ሲነሳ ሁሉም ያያል፤ ሲመለስስ?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 የቻይና ባሕር ኃይል አንድ ቪዲዮ ለሕዝብ አሳየ። ጄ-15ቲ እና ጄ-35 የተባሉት ተዋጊ ጄቶች፣ ከእነሱም ጋር ኬጄ-600 የተባለው የራዳር ቅኝት አውሮፕላን፣ ፉጂያን ከተሰኘችው አዲስ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወለል ላይ በኤሌክትሮማግኔት ኃይል እየተወነጨፉ ይነሳሉ፤ ተመልሰውም ያርፋሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 5፣ መርከቧ ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በተገኙበት በሃይናን ደሴት ሳንያ ወደብ አገልግሎት ጀመረች። እስከዚያ ድረስ በዚህ ኃይል ጄት የምታስነሳ፣ አገልግሎት ላይ ያለች መርከብ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአሜሪካዋ ጄራልድ ፎርድ።

ዜናውን የተከታተለው ሰው ዓይኑን የጣለው በማስነሻው ላይ ነው። ቻይና አሜሪካ ላይ ደረሰች ወይስ አልደረሰችም የሚለው ክርክርም በዚያው ዙሪያ ሲሽከረከር ሰነበተ። ማስነሻው ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም፤ ለምን ትልቅ እንደሆነም እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን የመርከብ በረራ ታሪክ ላጤነው፣ እነዚህን መርከቦች ደጋግሞ ያስከበራቸውም ያዋረዳቸውም ጄቶቻቸውን መልሰው የሚቀበሉበት መንገድ ነው። የፉጂያንም ሆነ የፎርድ አቅም መመዘን ያለበት ከዚያ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነዳጅና ቦምብ የተሸከመ ኤፍ/ኤ-18 ሱፐር ሆርኔት እስከ 30 ቶን ይመዝናል። የየብስ ጦር ሰፈር ቢሆን እየተንደረደረ ፍጥነት የሚሰበስብበት ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር አስፋልት ይጠብቀው ነበር። መርከብ ላይ ያለው መንደርደሪያ ግን 100 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሞተሩ ብቻውን አይበቃም። መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትገሰግሳለች፤ ጄቱ ገና ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ክንፉ ያን ያህል ነፋስ ያገኛል። የጎደለውን ማስወንጨፊያው ይሞላዋል።

ወለሉ ላይ ያለው ጩኸት ንግግር ስለማያሰማ ሥራው የሚካሄደው በቀለምና በእጅ ምልክት ነው። ሐምራዊ የለበሰው ነዳጅ ይሞላል፤ ቀይ የለበሰው ቦምብና ሚሳይል ያስታጥቃል፤ አረንጓዴ የለበሰው ማስወንጨፊያውንና የማቆሚያ ገመዱን ይጠብቃል፤ ቢጫ የለበሰው ጄቱን እየመራ ወደ ቦታው ያመጣል። አንድ ሠራተኛ የጄቱን ክብደት በሰሌዳ ለአብራሪው ያሳያል። አብራሪው ልክ ነው ካለ የማስወንጨፊያው ኃይል በዚያ ክብደት መጠን ይስተካከላል። በፊት ጎማው ላይ ያለው ዘንግ ከወለሉ ስንጥቅ ብቅ ካለች ጎታች ብረት ጋር ይያያዛል፤ ከኋላ ደግሞ ማገቻ ዘንግ ይይዘዋል። ከጀርባው የብረት ግድግዳ ተነስቶ የሞተሩን እሳት ወደ ላይ ይመልሳል። አብራሪው ሞተሩን እስከ ጫፍ ከፍቶ፣ የክንፍና የጅራት መሪዎቹን ፈትሾ፣ ለመኮንኑ ሰላምታ ይሰጣል። የሱፐር ሆርኔት አብራሪ በዚህች ቅጽበት ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ ከፊቱ ያለውን እጀታ ይጨብጣል፤ ግፊቱ እጁን ወደ ኋላ ስቦ መሪውን እንዳያስነካው ነው። ከዚያ ከዜሮ ተነስቶ በ2 ሰከንድ ገደማ በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከወለሉ ጫፍ ሲለይ አውሮፕላኑን የሚያበረው ኮምፒዩተሩ ነው።

ይህን ግፊት ለሰባ ዓመት ሲሰጥ የኖረው እንፋሎት ነው። ፈጣሪው ኮሊን ሚቸል የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ መሣሪያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፐርሲየስ በተባለች መርከብ ላይ ተፈተነ። አሜሪካኖች በ1954 ሃንኮክ በተባለች መርከባቸው ላይ ሥራ አስጀመሩት። ከወለሉ በታች ሁለት ረጃጅም ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ጀርባቸው ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ ነው፤ በውስጣቸው የሚሮጡትን ፒስተኖች ከላይ ካለችው ጎታች ጋር የሚያገናኘው ብረት በዚያ ስንጥቅ ያልፋል፣ እሱ ባለፈ ቁጥርም ተጣጣፊ የብረት ጠፍር ስንጥቁን ይደፍናል። ክፍት ቀዳዳ ያለው ሲሊንደር እንፋሎት ይዞ እንዲቆይ ማድረግ፣ የሚቸል ሊቅነት እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱ ግን ከተፈጥሮው የመጣ ነው። ግፊቱ አስቀድሞ ይመጠናል እንጂ አንዴ ከተለቀቀ በጉዞው መሃል አይታረምም። ኃይሉ በጉዞው ሁሉ እኩል ስለማይሆን የጄቱን አጥንት ቀስ በቀስ ያደክማል። ቀላል የሆነ ሰው አልባ አውሮፕላን ደግሞ በዚህ ዓይነት ድንገተኛ ኃይል ሊሰበር ይችላል። አንድ ጄት ለማስነሳት እስከ 600 ኪሎ ግራም እንፋሎት ይባክናል፤ ቧንቧውና ማሸጊያው ጥገና በቃኝ አያውቅም።

ኤሌክትሮማግኔቱ ይህን ጉድለት ከሥሩ ነው የሚነካው። አሠራሩ የተለመደው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ልዩነቱ የሚሽከረከር ሳይሆን በወለሉ ርዝመት ቀጥ ብሎ የተዘረጋ መሆኑ ነው። ከታች የሚሽከረከሩ ከባድ መዘውሮች ኃይል ያጠራቅማሉ፤ ያን ኃይል በ2 ወይም 3 ሰከንድ ውስጥ ይለቃሉ፤ በ45 ሰከንድ መልሰው ይሞላሉ። ኮምፒዩተር ጎታቿ በየቅጽበቱ የት እንደደረሰች እየለካ ግፊቱን እዚያው በጉዞ ላይ ይጨምራል ይቀንሳል። ከባዱን ጄትና ቀላሉን ሰው አልባ አውሮፕላን ለየክብደታቸው የሚስማማ ኃይል መስጠት የሚቻለው በዚህ ነው። ጄኔራል አቶሚክስ የተባለው ኩባንያ የሠራው መሣሪያ በዲሴምበር 2010 በኒው ጀርሲ ሌክኸርስት በየብስ ላይ የመጀመሪያውን ሱፐር ሆርኔት አስነሳ። በጁላይ 2017 ደግሞ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር የወጣባት ፎርድ ባሕር ላይ ሞከረችው።

ማስወንጨፊያ የሌላቸው መርከቦችም አሉ። የሩሲያዋ አድሚራል ኩዝኔትሶቭ፣ የሕንድ ቪክራንት፣ የቻይና የመጀመሪያዎቹ ሊያኦኒንግና ሻንዶንግ ፊታቸው ወደ ላይ ተቀልብሶ የተሠራ ነው፤ ጄቱ በራሱ ሞተር ተንደርድሮ በዚያ ወደ ላይ በተቀለበሰ ወለል ይዘላል። ርካሽና ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ከጄቱ ጭነት ላይ ይቀነሳል። ነዳጁን ወይም ቦምቡን መተው አለበት፣ እንደ ኬጄ-600 ያለ ባለ ማራገቢያ የራዳር አውሮፕላን ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። የእንግሊዝ መንግሥት በ2010 አንደኛዋን አዲስ መርከቡን ወደ ኤሌክትሮማግኔት ለመለወጥ ወስኖ፣ ወጪው ወደ 2 ቢሊዮን ፓውንድ ሲያሻቅብ በ2012 ወደ ቀድሞው ዕቅድ ተመልሷል። ፉጂያን ላይ የታየው ለውጥ ትልቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከአድማስ ማዶ የሚያይ ዓይን ከመርከቧ ጋር ተጓዘ ማለት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ መመለሱ ልምጣ።

የአሜሪካ የኒሚትዝ ዓይነት መርከብ 330 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ለማረፊያ የተመደበው ግን ከ250 ሜትር ያነሰ ነው፤ የጄቱ መንጠቆ ሊያገኛቸው የሚገቡት ገመዶች የተዘረጉበት ቦታ ደግሞ ከ40 ሜትር ብዙም አይዘልም። ያቺም ቦታ ቆማ አትጠብቅም። መርከቧ ትጓዛለች፣ በማዕበል ትነሳለች፣ ትወርዳለች፣ ትዘማለች። በዚያ ላይ የማረፊያው መስመር ከመርከቧ አቅጣጫ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ያጋደለ ስለሆነ፣ መርከቧ ወደፊት በገፋች ቁጥር ያነጣጠረበት መስመር ከአብራሪው ወደ ቀኝ ይሸሻል። እስኪያርፍ ድረስ እየተከተለ ያርማል።

መመሪያው በወለሉ ግራ ዳር የቆመ የመብራት ማሳያ ነው። በአግድም ከተደረደሩት አረንጓዴ መብራቶች አንጻር ብርቱካናማው ብርሃን ከፍ ካለ ጄቱ ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ካለ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ቀይ ከተለወጠ አደጋ ላይ ነው። አብራሪው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ብርሃኑን ማየቱንና የቀረውን ነዳጅ በሬዲዮ ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ነው። በመርከቧ ኋላ ግራ ጥግ የቆመው የማረፊያ መኮንን፣ ራሱም አብራሪ የሆነ ሰው፣ ዓይኑን ጄቱ ላይ ተክሎ ያያል፤ ካልጣመው ቀይ መብራት አብርቶ ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ማረፍ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡም ጓዶች ሁሉ በሚያዩት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንጋፋ አዛዥም ቢሆን ከዚህ አይድንም።

የመንገደኛ አውሮፕላን መሬት ሲቃረብ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቁልቁለቱን ያለዝባል። የመርከብ ጄት ይህን አያደርግም፤ ቢያደርግ ገመዶቹን ዘሎ ያልፋል። ወለሉን እንዳለ ይመታዋል፤ እግሮቹም ለዚያ ተብለው የተጠናከሩ ናቸው። ጎማዎቹ በነኩበት ቅጽበት ደግሞ አብራሪው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ሊቆም የመጣ ሰው ለምን ሙሉ ኃይል ይሰጣል? መንጠቆው ገመድ ካልያዘ ከፊቱ ያለው ባሕር ስለሆነ ነው። ከያዘ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበረው ብረት በ2 ወይም 3 ሰከንድ፣ በ100 ሜትር ገደማ ውስጥ ዜሮ ይሆናል፤ ካልያዘ በዚያው ኃይል ተነስቶ ዞሮ ይመጣል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች የልብ ምት ሲለካ፣ ቦምብ ሲጥሉ ከነበረው ይልቅ መርከብ ላይ ሲያርፉ ፈጥኖ ተገኝቷል። ፀረ አውሮፕላን ተኩስ ውስጥ የገባ ሰው ልቡ ይበልጥ የሚመታው ቤቱ ሲደርስ መሆኑ የዚህን ሥራ ባሕርይ ያሳያል።

የታሪኩ መነሻም ይኸው ጭንቀት ነው። አሜሪካዊው አብራሪ ዩጂን ኢሊ በኖቬምበር 1910 ቨርጂኒያ ውስጥ ከበርሚንግሃም መርከብ ላይ ተነሳ፤ በጃንዋሪ 1911 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፔንሲልቬኒያ በተባለች መርከብ ላይ አረፈ። ያቆሙት በሁለት ጫፋቸው የአሸዋ ከረጢት የታሰረባቸው ገመዶችና ከአውሮፕላኑ ሥር የተሰቀሉ መንጠቆዎች ነበሩ። ከ115 ዓመት በኋላ ፎርድ ላይ ያለው ዘዴ በመሠረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የገመዱ ጫፍ የታሰረበት ነገር ነው። እንግሊዛዊው ኤድዊን ዳኒንግ በኦገስት 1917 በምትጓዝ መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አርፎ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ሲደግመው ሕይወቱ አለፈ።

ጄት ሲመጣ ችግሩ ባሰ። እንግሊዛዊው አብራሪ ኤሪክ ብራውን በዲሴምበር 1945 ኦሽን በተባለች መርከብ ላይ የመጀመሪያውን ጄት አሳረፈ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ጄት ሞተሮች ነዳጅ ሲሰጣቸው ኃይል ለመስጠት ይዘገያሉ፣ ፍጥነታቸውም ከፍ ያለ ነው። መርከቦቹ ደግሞ አንድ ቀጥተኛ ወለል ብቻ ነበራቸው፤ ገመዱን የሳተ ጄት ከፊት ከቆሙት አውሮፕላኖችና ሰዎች የሚለየው መረብ ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው ዴኒስ ካምቤል በ1951 ያመጣው መፍትሔ የማረፊያውን መስመር ወደ ጎን ማጋደል ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ በ1952 የተደረገው በቀለም ነው፤ ወለሉ ላይ ያጋደለ መስመር ተቀባና ጄቶቹ እየነኩ ተነሱ። በዚያው ሰሞን ኒኮላስ ጉድሃርት የመስታወት መመሪያውን አሰበ፣ የዛሬው የመብራት ማሳያ አባት። በመርከብ በረራ ታሪክ ውስጥ ብዙ ነፍስ ያተረፉት ፈጠራዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለቱም ለማረፍ የተፈጠሩ ናቸው።

ገመዱ ሲከዳ የሚሆነውን በቅርቡ ደጋግመን አይተናል። በማርች 2016 አይዘንሃወር በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ላይ ያረፈ ኢ-2ሲ የራዳር አውሮፕላን ገመዱን ይዞ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ፤ አውሮፕላኑ ከወለሉ ጫፍ ወርዶ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ አብራሪዎቹ ውሃው ሳይነካቸው ቀና አደረጉት። የተበጠሰው ገመድ ወለሉን ጠርጎ ስምንት መርከበኞችን አቆሰለ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት ጥገና ላይ የተዘለለ እርምጃ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበርና በዲሴምበር ኩዝኔትሶቭ ከሶሪያ ፊት ለፊት ተሰልፋ ሁለት ጄቶች አጣች። አንደኛው ሚግ-29ኬ ማንም አልተኮሰበትም፤ የማቆሚያው ገመድ ተበላሽቶ እስኪጠገን አየር ላይ ሲጠብቅ ባሕር ገባ። ሁለተኛው ሱ-33 ገመዱ ተበጥሶበት ከወለሉ አልፎ ሄደ። ጠላት ያላደረገውን ገመድ አደረገው።

ለእኛ በጣም የቀረበው ግን ቀይ ባሕር ላይ የደረሰው ነው። የአሜሪካዋ ሃሪ ትሩማን ከሁቲዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ሦስት ሱፐር ሆርኔት አጥታለች። አንዱን በዲሴምበር 2024 የመታው አጃቢዋ መርከብ ጌቲስበርግ ናት፤ ሁለተኛው በኤፕሪል 2025 ሲጎተት ከነጎታች ተሽከርካሪው ወደ ባሕር ተንሸራተተ፤ ሦስተኛው በሜይ 6 ሲያርፍ የማቆሚያው መሣሪያ ከድቶት ገባ። በሦስቱም አደጋዎች የሞተ ሰው የለም። የመጨረሻውን አደጋ የመረመሩት ሰዎች የጥገና ድክመትንና ከባዱን የሥራ ጫና ጠቅሰዋል። ወራት ያለፋታ በሚዘልቅ ዘመቻ መጀመሪያ የሚደክመው ሰውና ገመድ ነው። በነገራችን ላይ በዚሁ ባሕር የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ስሟ ኦርካ ነበር፣ ሥራዋም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል። ለማረፊያው ችግር የተሰጠ ሌላ መልስ ነበር፤ ባሕሩን ራሱን ሜዳ ማድረግ። ለጄት ዘመን ግን አልሆነም።

እንግዲህ ፎርድ ላይ የወጡትን ቁጥሮች በዚህ ዓይን እንያቸው። ማስወንጨፊያዋ በሁለት ከባድ ብልሽቶች መካከል በአማካይ 4,166 ጊዜ እንዲሠራ ነበር የታቀደው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የፈተና ቢሮ በ2020 ዘገባው ያገኘው 181 ነው። ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ተወራ፣ ተሰደበም። ከጎኑ የነበረውን ግን ያስተዋለው ጥቂት ነው። አዲሱ የማቆሚያ ገመድ መሣሪያ 16,500 ጊዜ እንዲሠራ ታቅዶ 48 ላይ ነበር የተገኘው። ማስወንጨፊያ ሲበላሽ ጄቱ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ማቆሚያ ሲበላሽ ጄቱ አየር ላይ ይቀራል፣ ነዳጁም እያለቀ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፣ ፎርድም ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለወራት ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ ቆይታ ሠርታባቸዋለች። በማስወንጨፊያው ላይ የቀረ አንድ የአነዳደፍ ጉድለት አለ፤ አንዱን ለብቻው ከኃይል ለይቶ ሌሎቹ እየሠሩ መጠገን አይቻልም፤ መዘውሮቹ እስኪቆሙ ብቻ 90 ደቂቃ ይፈጃል።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 ወደ እንፋሎት መመለስ አለብን አሉ፤ በኦክቶበር 2025 ጃፓን ውስጥ ጆርጅ ዋሽንግተን መርከብ ላይ ሆነው ይህንኑ በትእዛዝ እንደሚያጸኑ ደገሙት። በጥገና ቀላልነት የሚያነሱት ስጋት ከንቱ አይደለም፤ የእንፋሎት ቧንቧ በመፍቻ ይጠገናል። መመለሱ ግን ስሕተት ነው እላለሁ። ሰው አልባ አውሮፕላን በሚበዛበት ዘመን ግፊቱን በጉዞ መሃል የማያርም ማስነሻ መትከል መርከቧን ለሃምሳ ዓመት ማሰር ነው። ደግሞም በፎርድ የመጀመሪያ ዘገባዎች የባሰው ቁጥር የማቆሚያው ነበር፤ እሱን ደግሞ እንፋሎት አይፈታውም።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ውሳኔ ነው። አሜሪካኖች በሱፐር ሆርኔት ላይ የጫኑት ፕሮግራም አብራሪው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ያደርግ የነበረውን በመቶ የሚቆጠር እርማት ወደ ጥቂት አውርዶታል። ሕይወት ያተርፋል፣ መመስገንም አለበት። ነገር ግን በ2025 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተማሪ የጄት አብራሪዎች የአብራሪነት ክንፋቸውን ከመቀበላቸው በፊት መርከብ ላይ እንዲያርፉ መጠየቁን ተወ፤ መጀመሪያ የሚያርፉት ወደ ጦር ጄታቸው ከተሸጋገሩ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ሳይሠራ በቀረበት ጨለማ ሌሊት እጁ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል፣ እጅ ደግሞ የሚማረው በልጅነት ነው።

ቻይናን በተመለከተ የቀድሞ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ መኮንኖች ለሲኤንኤን የሰጡት አስተያየት ከማስወንጨፊያው ይልቅ በወለሉ አቀማመጥ ላይ ያተኩራል። የፉጂያን ማረፊያ ከአሜሪካኖቹ ያነሰ ያጋደለ በመሆኑ ማረፊያውና የፊተኞቹ ማስነሻዎች ቦታ ይሻማሉ፤ ጄት እያረፈ ጄት ማስነሳት ይከብዳል። ይህ ልክ ከሆነ አዲሱ ማግኔት የሚሰጠውን ፍጥነት ማረፊያው ይወስደዋል ማለት ነው። በ1951 ካምቤል የፈታው ቋጠሮ በከፊል ተመልሶ መጣ። ፈረንሳይ በበኩሏ በ2038 ቻርል ደ ጎልን ለምትተካው መርከቧ ከአሜሪካ የመረጠችው ሁለቱንም ነው፤ ማስወንጨፊያውንም አዲሱን የማቆሚያ ገመድም። ፉጂያን ከእንግዲህ የምታሳየን ቪዲዮ ሌሊት ሲሆን፣ ባሕሩ ሲናወጥ፣ አሥራ ሁለት ጄቶች ነዳጃቸው እያለቀ በሰልፍ ሲመጡ የተቀረጸ ቢሆን፣ ስለ ቻይና ባሕር ኃይል ከሴፕቴምበሩ ቪዲዮ የበለጠ ይነግረናል።